ከሆቴላችን ማዶ ያላለቀው ቤት

እኛ ሆቴል እንለዋለን እንጂ አምስት አልጋ ነው። ከአምስቱም የአንዱ እግር ተሰብሮ በጡብ ስለቆመ ለሚያውቀው ደንበኛ ካልሆነ አይሰጥም። ውሃው በባልዲ ነው፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፣ ብርዱ በነፃ ነው። ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ መኪና ጎማ ሲፈነዳበት ወይም ጉም መንገዱን ሲዘጋው ሰው የሚያድርበት ቤት ነው። ወድዶ ያደረ ሰው እስካሁን አላየሁም። አንድ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውንም እኔው አባረርኳቸው።

በሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ አራት ጊዜ ተቀብቷል። ልጅ ሆኜ ወንበር ላይ ቆሜ ቀለሙን በጥፍሬ እየላጥኩ ከሥር ያለውን ማንበብ እወድ ነበር። ከላይ «ወሰኔ ሆቴል» ይላል፤ ወሰኔ አባቴ ነው። ሲላጥ «ዳኜ ሆቴል» ይመጣል። ከዳኜ ሥር «አፈወርቅ ሆቴል»፣ ከሁሉ ሥር ደግሞ በቀይ ቀለም፣ በተንጋደደ ፊደል «እታገኝ ምግብ ቤት»። እኔ እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚዋደዱ ዘመዳሞች ይመስሉኝ ነበር። አንዱ ሲደክመው ለሌላው «እስቲ አሁን ደግሞ አንተ ያዘው» እያለ የሰጠው ቤት ነበር የሚመስለኝ።

ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቤቱን የሠሩት እታገኝ ናቸው። መንገዱ ሲቀደስ፣ ይቅርታ፣ ሲቀደድ ማለቴ ነው፣ ለቀን ሠራተኛ ጠላና ምግብ እየሸጡ፣ ጣሪያውን በጓሳ ሣር አስከድነው አቆሙት። ከዚያ የሠራተኞቹን ካቦ አፈወርቅን አገቡ። አፈወርቅ ሣሩን አንስቶ ቆርቆሮ አለበሰውና ስሙን ጻፈበት። ቆይቶ ሌላ ሚስት ሲያመጣ እታገኝ ገዳም ገቡ። ልጅ ሆኜ «እታገኝ መነኮሱ» ሲባል ስሰማ ስለ ጽድቃቸው ይመስለኝ ነበር። አፈወርቅ ሲሞት ቤቱ ከእታገኝ ለወለዳት ለልጁ ለጌታነሽ ደረሰ። ጌታነሽ ዳኜ የሚባል እህል ነጋዴ አገባች፤ ዳኜ ስሙን ጻፈ፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ቤቱን ለአባቴ ሸጠና አዲስ አበባ ገባ። ጌታነሽ ግን የትም አልገባችም። ወጥ ቤታችን ውስጥ ወጥ ሠሪ ሆና ቀረች።

እትዬ ጌታነሽ እንላታለን። እኔ የማውቃት ነገረኛ ወጥ ሠሪ መሆኗን ነው። ሚስማር ስንፈልግ ሳታይ እጇን ግድግዳው ላይ ሰድዳ ታወጣልናለች። አንዳንዴ ሰው የሌለ ሲመስላት የሳሎኑን ምሰሶ በመዳፏ ታሻሸው ነበር። አቧራ የምትጠርግ ነበር የሚመስለኝ።

አባቴ ሹፌር ነበር። ሹፌር ሞተ ሲባል ሰው ሁሉ ገደል ነው የሚያስበው፤ አባቴ ግን አልጋው ላይ፣ በጉበት፣ በጥቅምት ወር፣ ተረጋግቶ ነው የሞተው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ወለተኪዳን የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ታፔላው ላይ የአባቴ ስም ቀረ፤ እናቴም አላስነካውም።

አባቴ ለእናቴ ጥሎላት የሄደው አንድ ትልቅ ነገር ወጥ ቤቱን ነው። እናቴ አጭር ናት። ሲበዛ አጭር ናት። በዚያ ላይ ግራኝ ናት። አባቴ ቤቱን እንደገዛ የምድጃውን መደብ አፍርሶ በእሷ ቁመት አሠራው፤ ወደ ሳሎኑ ሳህን የሚያልፍበትንም መስኮት ከቀኝ ወደ ግራ አዞረው። ሌላ ሰው እዚያ ወጥ ቤት ከገባ ወገቡን ይዞ ነው የሚወጣው። እትዬ ጌታነሽ ስታማርር «ይሄ የድንክ ምድጃ ገደለኝ!» ትላለች። እናቴ ግን እዚያ ውስጥ ስትሆን ሳታይ ትሠራ ነበር፤ በግራ እጇ ጭልፋውን ትይዛለች፣ በዚያው እጇ ሳህኑን በመስኮቱ ትሰዳለች።

አሁን ስለ ጋሼ ሽመክት ልንገራችሁ። የበግና የበግ ጠጉር ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጅ የላቸውም፣ አንድ አይሱዙ አላቸው። በጣም ረጅም ስለነበሩ በራችን ላይ ሁልጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚገቡት፤ እኔ ደግሞ ለእኛ ሰላምታ የሚሰጡ ይመስለኝ ነበር። በየገበያ ቀኑ ይመጡና እዚያ በጡብ የቆመው አልጋ ላይ ያድራሉ። ሞላሌ ከተማ ውስጥ የራሳቸው ቤት እንዳላቸው፣ እሱም ከእኛ የግማሽ ሰዓት መንገድ እንደሆነ ያወቅኩት አድጌ ነው። ግማሽ ሰዓት! ሰው ግማሽ ሰዓት መሄድ ከብዶት በጡብ አልጋ ላይ አያድርም።

እናቴም በገበያ ቀን ጠዋት አዲሱን ሻሿን ታስር ነበር። በገበያ ቀን አቧራ ይበዛል ብዬ ነበር።

ጋሼ ሽመክትን እወዳቸው ነበር። ከረሜላ ስለሚያመጡልኝ ብቻ አይደለም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ፊቱን አጨማድዶ «አይ የሙት ልጅ» ነው የሚለኝ። እሳቸው ግን «ጽዮን፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ስንት ልጅ መታሽ?» ነበር የሚሉኝ። እቆጥርላቸው ነበር። ሁለት ከሆነ አምስት እላቸዋለሁ።

በመጋቢት ወር አንድ ጠዋት እናቴ ለእርግዝናዋ ክትትል ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እትዬ ጌታነሽ ወፍጮ ቤት ነበረች። ጋሼ ሽመክት መጡና ቀጥታ ወጥ ቤት ገቡ። ከኪሳቸው ሜትር አወጡ፤ ያ ብረቱ ከሳጥኑ ወጥቶ ተመልሶ የሚገባው ዓይነት። አይቼ አላውቅም ነበር። ጫፉን ሰጡኝና፦

«ዜሮው ጋ አጥብቀሽ ያዢ። እንዳታንሸራትቺ» አሉኝ።

መሬት ላይ ተንበርክኬ ያዝኩ። እሳቸው ብረቱን ወደ መደቡ ጫፍ ስበው «ሰባ አንድ» አሉና መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ከዚያ መስኮቱን ለኩ፤ ከግራ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚርቅም ለኩ። ይኸው ነው። ሲጨርሱ ሜትሩን እንድጫወትበት ሰጡኝ፤ ጣቴን ቆረጠኝ፤ ጣቴን በመሐረባቸው አሰሩልኝ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ ቀኑ ሲደርስ እኔው ራሴ አሳያታለሁ» አሉኝ።

ማልኩላቸው። መሐላዬ እስከ ምሳ ቆየ።

ምሳ ላይ እናቴ የታሰረውን ጣቴን አየችና ምን ሆነሽ ነው አለችኝ።

«ጋሼ ሽመክት ቤቱን ሲለኩ ነው።»

«የቱን ቤት?»

እናቴም እትዬ ጌታነሽም እጃቸውን ከማዕዱ አንስተው አዩኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ረጅም ጊዜ ያየኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ሲለኝ ደግሞ እንደማበዛ ታውቃላችሁ።

«ቤቱን በሙሉ! ሳሎኑን፣ መኝታ ክፍሎቹን፣ ጓሮውን ሁሉ። እኔ ነኝ የያዝኩላቸው። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብለውኛል።»

እትዬ ጌታነሽ «ዳኜም ሊሸጠው ሲል ለክቶት ነበር» አለች። «እሱ እንኳ በእርምጃው ነው የለካው። ሜትር አልነበረውም።»

በዚያው ሰሞን ጋሼ ሽመክት ከመንገዱ ማዶ ልክ ከሆቴላችን ፊት ለፊት ቦታ ገዝተው መሠረት ማስቆፈር ጀምረው ነበር። አገሩ ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር። የአባቴ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ ጋሼ ሽመክት ሽማግሌ ይልካሉ፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ የነፍስ አባታችን መምሬ ኃይለመስቀል ናቸው። እኔም ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሰምቼዋለሁ፤ ሰምቼም ጥቅምት ስንት ወር እንደቀረው በጣቴ እቆጥር ነበር። እናቴና እትዬ ጌታነሽ ግን ማታ ማታ በሹክሹክታ የሚያወሩት ሌላ ነበር። «ከዚህም ከዚያም ሊይዘን ነው» ስትል እናቴን ሰምቻታለሁ። ስለ ብርዱ ይሆናል አልኩ።

ሚያዝያ ላይ ወንድሜ ተወለደ። ተወልዶ ሠላሳ ስምንተኛ ቀኑ የገበያ ቀን ላይ ዋለ። ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል። መምሬ ኃይለመስቀል ጥጉ ጋ ተቀምጠዋል፤ ጋሼ ሽመክት ከሳቸው ጎን ሽሮ ይበላሉ። እናቴ ከጓዳ ወጣች። አራስ ሳሎን አይወጣም። ሻሽ አላሰረችም። ሕፃኑን ይዛ በወንበሮቹ መሐል አልፋ ሄደችና ጋሼ ሽመክት ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«አቶ ሽመክት፣ ይሄ ልጅ አባቱን አላየም» አለች። ድምጿ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። «ከነገ ወዲያ አርባው ነው። ስለ እመቤታችን ብለው ክርስትና ያንሱልኝ።»

ጋሼ ሽመክት ጠቅልለውት የነበረውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሱት። መምሬ ኃይለመስቀልን አዩ። መምሬ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ ጋሼ ሽመክት ከእናቴ ራስ በላይ ወደዚያ ወደ ግራው መስኮት ለረጅም ጊዜ አዩና፦

«እሺ» አሉ። «ይሁን።»

ሰዉ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። ከሁሉ ሰው በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር የልጅህን ክርስትና ያነሣ ሰው አበልጅህ ነው። አበልጅ ከአበልጁ ጋር አይጋባም። ከሥጋ ዘመድ ይብሳል፤ ሽማግሌ ቢመጣ፣ ጳጳስ ቢመጣ የሚፈታው ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደግሞ በሰው ፊት፣ ለዚያውም ለሙት ልጅ፣ እምቢ የሚል ክርስቲያን የለም። እናቴ በሩን ዘግታ ቁልፉን ገደል ወረወረችው። ጋሼ ሽመክትም ይህን በደንብ እያወቁ ነው «ይሁን» ያሉት።

እኔ ግን ስምንት ዓመቴ ነው። የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ጋሼ ሽመክት ሕፃኑን ታቅፈው ቤተ ክርስቲያን ከገቡ የቤታችን ሰው ሆኑ ማለት ነው። ገና ጥቅምት ሳይደርስ፣ ሽማግሌ እንኳ ሳይደክም፣ እናቴ ነገሩን አፋጠነችው አልኩ። የክርስትናው ዕለት አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ወንድሜን ታቅፈው ቆሙ። አትናቴዎስ ተባለ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሮጬ ሄጄ በጡብ የቆመውን አልጋ አነጠፍኩላቸው። ትራሱን ሁለት አደረግሁላቸው። እሳቸው ግን ምሳ በልተው፣ ልጁን ግንባሩን ስመው፣ በራችን ላይ እንደልማዳቸው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ እዚያ አልጋ ላይ አድረው አያውቁም።

ያን ቀን ከሰዓት እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ስታለቅስ አየኋት። ሽንኩርት አልነበረም፤ ፈልጌ አይቻለሁ። እትዬ ጌታነሽ «ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ቤትሽን አተረፍሽ አይደል?» አለቻት። የደስታ ነው ብዬ እኔም አብሬ ትንሽ አለቀስኩ።

እትዬ ጌታነሽ ከመሞቷ በፊት፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ነገሩን ፍርጥርጥ አድርጋ ነገረችኝ። ለምን ዝም ብላ እምቢ አላለችም ብዬ ጠይቄያት ነበር። «እሱንማ እኔም ብያታለሁ» አለችኝ። «እናትሽ ግን፣ ሽማግሌውን እምቢ እለዋለሁ፤ ራሴን ግን እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ከራሴ የሚያስጥለኝ ነገር ነው የምፈልገው አለችኝ። እኔም እንዲህ ከሆነስ የሚያስጥልሽ ክርስትና ነው አልኳት። አፈር ስሆን አትፍረጂብኝ። እናቴን አይቻለሁ፣ ራሴንም አይቻለሁ። ይሄን ቤት ሦስተኛ ሴት ስትቀማው ቆሜ ላይ ነበር?»

አልፈረድኩባትም። እንዲያውም ደግ አደረጋችሁ አልኳት። ሲለኩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቤቱን በሙሉ እንደለኩ ደጋግሜ ሳወራ ውሸቴን እኔው ራሴ አምኜው ነበር።

የማዶው ቤት ሥራ ቆመ። ግድግዳው ወጥቶ፣ ጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ብቻ ቆርቆሮ ለብሳ፣ ሌላው እንዳለ ቀረ። ትምህርት ቤት ለጠየቀኝ ሁሉ ሲሚንቶ አልቆባቸው ነው እል ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ አለቀባቸው! በጎች እየገቡ ከውርጭ ይጠለሉበት ነበር። ጋሼ ሽመክት ሌላ ሚስት አላገቡም። በየዓመቱ ወንድሜ ክርስትና በተነሣበት ቀን በግ ይዘው ይመጣሉ፤ ለልጁ ጫማ፣ ደብተር፣ በኋላም የኮሌጁን ወጪ ችለዋል። እናቴ «አበልጄ፣ ደኅና ነዎት?» ትላቸዋለች። «ደኅና ነኝ አበልጄ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ብዙም አይናገሩም፤ አብረው ይበላሉ። እናቴ በዚህ ሁሉ ዓመት መንገዱን ተሻግራ ማዶ ረግጣ አታውቅም። ለምን ሲሏት ጭቃ ነው ትላለች። በበጋም ጭቃ ነው ትላለች።

ዘንድሮ በጥር ጋሼ ሽመክት ሞቱ። ማዶ ያለውን ቤት ለክርስትና ልጃቸው ለአትናቴዎስ ተናዝዘውለታል። እኔ ዓለም ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ለአርባቸው መጣሁ። በማግስቱ ወንድሜ ቤቱን አፍርሶ ምን እንደሚሠራበት ሊያሳየን ይዞን ተሻገረ። እናቴም መጣች። ጭቃ አልነበረም።

አትናቴዎስ ያቺን ቆርቆሮ የለበሰች ክፍል በር ገፍቶ ከፈተ። የበግ በጠጥና የወፍ ኩስ ብቻ ነው። ግድግዳውን ተጠግቶ የተሠራ የሲሚንቶ መደብ አለ፤ ከጎኑ ወደ ሳሎኑ የሚያሳይ መስኮት።

«ይቺ ወጥ ቤት መሆኗ ነው» አለ። «ግን እዩልኝማ ይሄን መደብ! ከጭኔ አያልፍም እኮ። ጋሼን የሚያህል ረጅም ሰው እያሠራው ግንበኛው እንዲህ አሳጥሮ ይሠራል? መስኮቱንስ እዩ፣ በግራ ነው የከፈተው። ጠጥቶ ነው የሠራው።»

ወደ መደቡ ጠጋ አልኩ።

«ሜትር ይዘሃል?» አልኩት።

ይዞ ነበር። ጫፉን ተቀብዬ መሬት ላይ ተንበረከክኩ፤ እሱ ወደ ላይ ሳበው።

«ሰባ አንድ» አለ።

ተንበርክኬ ቀረሁ። ያ ቀን እንዳለ መጣብኝ፤ መዳፋቸው ላይ የጻፉት፣ መሐረባቸው፣ «ቀኑ ሲደርስ እኔው ራሴ አሳያታለሁ» ያሉኝ። ሰውዬው የእናቴን ቤት ሊወስዱ አልነበረም። አባቴ የሠራላትን ወጥ ቤት ሳትለቅቅ እንድትመጣላቸው፣ እሱኑ እዚህ እየሠሩላት ነበር። ከመላው ቤት አስቀድመው ቆርቆሮ ያለበሱት ይሄንን ነው።

ቀና ስል እናቴ ከጎኔ ቆማለች። መደቡ ወገቧ ሳይጎብጥ፣ ትከሻዋ ሳይነሣ፣ ልክ የሷ ነበር። ግራ እጇን በመስኮቱ ወደ ባዶው ሳሎን ሰደደችው፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«ጽዮን» አለችኝ።

«አቤት እማዬ።»

«ያን ቀን ቤቱን በሙሉ ለካው ነበር ያልሽኝ።»

«አዎ።»

«ምኑን ነበር የለካው?»

«መደቡንና መስኮቱን» አልኳት።

«ሌላስ?»

«ሌላ አልለኩም።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ልጆች አስተምራለሁ፣ እዚያ መሬት ላይ ግን ጣቷን ሜትር እንደቆረጣት ልጅ ሆኜ ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴ አላየችኝም። የነጠላዋን ጫፍ አጠፈችና መደቡን ከግራ ወደ ቀኝ መጥረግ ጀመረች። የሃያ ሰባት ዓመት አቧራ ነው፤ ነጠላዋ ወዲያው ጠቆረ።

«አትናቴ» አለች እየጠረገች፣ «ይቺ ክፍል አትፈርስም።»

«እሺ እማዬ» አለ ወንድሜ፤ ምኑም አልገባውም።

«አንቺ ደግሞ ተነሺ። ሂጂ ውሃ አምጪ። አንድ ባልዲ» አለችኝ። ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «አንድ ስልሽ አንድ ነው።»

መንገዱን ተሻግሬ አንድ ባልዲ ውሃ አመጣሁላት።